የታናሹ ሚስት የሽንት ጨርቆች

ያን ክረምት ጠዋት በሬን ስከፍት ቀድሜ የማየው ገመዱን ነበር። ገመዱ የጋራችን ነው፤ ከእኔ ቤት በር ተነስቶ በግቢው መሀል ያልፍና የባሌ ታናሽ ወንድም ቤት ምሰሶ ላይ ይታሰራል። ግማሹ የእኔ ነው፣ ግማሹ የታናሹ ሚስት። ሁለታችንም በአንድ ሰኔ ነው የወለድነው፤ እሷ ወንድ፣ እኔ ሴት። ታዲያ ጠዋት በእሷ በኩል ተሰጥቶ የማየው አንድ የሽንት ጨርቅ ነው። አንድ! ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ታስሮበት ያደረው። በእኔ በኩል ግን ጨርቁ ከነአንሶላው፣ የሌሊት ቀሚሴ፣ የባሌ ጋቢ፣ አንዳንዴም ፍራሹ ሳይቀር ይሰጣል። ገመዱ ወደ እኔ ረግቦ መሬት ሊነካ ይደርሳል። መንገደኛ በአጥር አሻግሮ አይቶ "እዚህ ቤት ጎርፍ ገብቶ ነው?" ቢል አልፈርድበትም ነበር።

ቤታችን ወረታ ዳር ነው፤ ከአጥራችን ማዶ የፎገራ ሜዳ ይጀምራል። ሐምሌና ነሐሴ ሜዳው ውኃ ነው፤ ሩዙ ብቻ ጫፉን አውጥቶ ይታያል። በዚያ ወቅት እንኳን ጨርቅ፣ ግድግዳውም አይደርቅ። ጠዋት ያሰጣሁትን ማታ እርጥቡን ሰብስቤ ምድጃ ዳር እዘረጋዋለሁ፤ ጭስ ጭስ እየሸተተ ይደርቃል። ውጭ ማሳደር አይቻልም። አማቴ "የልጅ ጨርቅ ውጭ አያድርም፣ የሌሊት ወፍ ጥላዋን ትጥልበታለች" ይላሉ፤ አንድ እንኳ ረስቼ ብትቀር በዝናብ ወጥተው ያመጧታል። ዳይፐር ግዥ የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ገዝቻለሁ እኮ! ገዝቼ ባስርላት ቂጧ በርበሬ መስሎ ተነሳ። አማቴ አይተው "ላስቲክ አስረሽ ልጅ ትቀቅያለሽ?" አሉኝ፤ ወደ ጨርቄ ተመለስኩ።

ልጄ አንዴ ከሸናች አለቀ። ሽንቱ በጎንና በጎን ይወጣል፣ ጀርባዋ ይርሳል፣ ይበርዳታል፣ እሪታዋን ታቀልጠዋለች። እቀይርላታለሁ፤ ሸለብ ሲያደርገኝ እንደገና። ባሌ ቀን ስትስቅለት "ልጄ" ይላታል፣ ሌሊት ስታለቅስ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ "ልጅሽን አስተኝ እንጂ" ይለኛል። ከግቢው ማዶ የታናሹ ልጅ ድምፁ አይሰማም። ወፍ ጭጭ እስኪል ይተኛል፤ እናቱም ትተኛለች። ጠዋት ፊቷን ታጥባ፣ ፀጉሯን ተሠርታ ትወጣና "እንዴት አደርሽ እታለም? ተኛችልሽ?" ትለኛለች። ተኛችልሽ! ዓይኔ አብጦ፣ ፀጉሬ ተንጨባሮ፣ እርጥብ ፍራሽ ተሸክሜ እያየችኝ! "እግዚአብሔር ይመስገን" እላለሁ ጥርሴን ነክሼ። ቅናት ነው፤ ሌላ ስም አልፈልግለትም። እኔ ሰው በወርቅ ሲያጌጥ ዞር ብዬ የማላይ ሴት፣ በደረቀ ፍራሽ ቀናሁ።

ነገሩ የእንቅልፍ ብቻ ቢሆን በቻልኩት። እኔ ሥራ አለኝ። ሩዝ መፈልፈያ ቤት ሚዛን ላይ ነው የምሠራው፤ ገበሬው ሩዙን በጆንያ ይዞ ሲመጣ የምመዝንለት፣ ተራ የማስይዘው እኔ ነኝ። ገበሬዎቹ "ያች ኃይለኛዋ" ይሉኛል፤ ማንንም ያለ ተራው አላስገባምና። ለወሊድ ስወጣ የመፈልፈያው ባለቤት "አጨዳ ተጀምሮ ካልመጣሽ ሌላ ሰው አስገባለሁ፤ ኋላ እንዳትቀየሚኝ" ብሎኛል። ያን ቦታ ካጣሁ ሌላ የለኝም። እዚያ ለመግባት የስንቱን ደጅ እንደጠናሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሥራ ስመለስ ልጄን ሊይዙልኝ የሚችሉት ደግሞ አማቴ ብቻ ናቸው። የታናሹ ሚስትም የምትጠብቀው እሳቸውኑ ነው። አባቷ ሸማኔ ናቸው፤ የሠሩትን ጋቢና ነጠላ አንበሳሜ ገበያ ወስዳ የምትሸጥላቸው እሷ ናት። አንድ ቀን አማቴ ሁለታችንንም ደጃፋቸው ላይ አስቀመጡንና ቁርጡን ነገሩን።

"ሁለቱን አልችልም" አሉ። "ይኸ ወገብ ወንዛዬ ፍል ውኃ ገብቼም አልሻለው ያለ ወገብ ነው። ሌሊት ተኝቶ ያደረ ልጅ ቀን አያስቸግርም። አጨዳ ሲደርስ የሚተኛውን እይዛለሁ፤ የማይተኛው ከእናቱ ይዋል።"

ይኸን ሲሉ የታናሹ ልጅ እዚያው ጭናቸው ላይ አፉን ከፍቶ ያንኮራፋል። የእኔዋ ጀርባዬ ላይ ሆና ትነጫነጫለች። ዓይናቸው ማንን እንደመረጠ ለማየት ጠንቋይ መሆን አላስፈለገኝም።

መጀመሪያ ጥፋቱን ጨርቁ ላይ ጣልኩት። የእኔ ጨርቆች ከአሮጌ አንሶላና ከባሌ ሸሚዝ የተቀደዱ ናቸው። የእሷዎቹ አባቷ የሸመኑት፣ ሰው ለብሶ ለብሶ ያለሰለሰው ጋቢ ነው። በቃ፣ ነገሩ ይኸ ነው አልኩና ባሌን ያዝኩት።

"ለልጅህ ጋቢ አሠራ።"

"ልትለብሰው?"

"ልትሸናበት!"

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። "ወንድምህ ልጁን በጋቢ ያስራል፤ አንተ በሸሚዝ አንገትጌ" አልኩት። ከወንድሙ ጋር ካስተያየሁት እንደማይወድ አውቃለሁ። ሄደና እዚያው የታናሹ ሚስት አባት ዘንድ አሠራልኝ። ጋቢው ሲመጣ ነጭ፣ ድፍን፣ ለሠርግ የሚለበስ ነው። በመቀስ ሸረከትኩት። አማቴ ድምፁን ሰምተው መጡና ክው ብለው ቀሩ።

"አንች ልጅ፣ ጤናሽ ነው? ሰው አዲስ ጋቢ ይቀዳል?"

"ለልጄ ነው እማማ። ለልጄ ምን ይበዛባታል?"

"አይበዛባትም። ግን የጨነቀው ሰው ነው እንዲህ የሚያደርግ" ብለው እያማተቡ ተመለሱ። እኔ ጨርቁን አጠብኩ፣ አደረቅሁ፣ ማታ አሰርኩላት። ጠዋት ከአሮጌው የባሰ ረጥበን ተነሳን። ባሌ ገመዱን አየ፣ እኔን አየ፣ ምንም ሳይናገር ወጣ። ቢናገር ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ደግሞ አስተሳሰሯ ነው አልኩ። ጠይቂያት እንዳትሉኝ። እሞታለሁ እንጂ አልጠይቃትም! እኔ የታላቁ ሚስት ነኝ፤ ቀድሜ የገባሁ። እሷ ልትጠይቀኝ ሲገባ እኔ ሄጄ "እንዴት ነው የምታስሪው?" ልላት ነው? ማታ ማታ ልጇን የምታስርበትን ሰዓት እየጠበቅሁ "ጨው ስጭኝ" እያልኩ መግባት ጀመርኩ። ጨው ቤቴ ሞልቷል። እሷ ትሰጠኛለች፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜ እጇን አያለሁ። ጨርቁን ሦስት ማዕዘን ታጥፈዋለች፤ ትርፉን ወደ ፊት አምጥታ እምብርቱ ሥር ትደርበዋለች፤ በቀጭን ቅዳጅ ታስረዋለች። ልጁ እግሩን እያወራጨ ይስቃል። እሷም "እታለም፣ ጨዉ ቶሎ ቶሎ እያለቀ ነው፣ ወጡ ላይ እንዳታበዥ" ትለኛለች። አውቃ ይሁን ሳታውቅ፣ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

እንዳየሁት አድርጌ ልጄን አሰርኳት። ወደ ፊት ደረብኩ፣ አጠበቅሁ፣ በኩራት ተኛሁ። ሁሉም በኋላዋ ወጣ። ጠዋት አማቴ ልጅቷን ለማየት ሲገቡ ገና እንደታሰረች ነበረች። ጨርቁን ገለጥ አድርገው አዩና ደረታቸውን ይዘው መሳቅ ጀመሩ፤ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

"ይኸን ማን አሳየሽ? ኧረ አንች! ይኸ እኮ የወንድ ነው! ወንድ ነው ወደ ፊት የሚለቀው። ሴት ልጅ ከሥሯ ነው የሚደረብላት። አሁን ይኸ ይጠፋሻል?"

ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች የሚባለው ለእኔ ነበር። ተቀምጠው የሴቷን አስተሳሰር አሳዩኝ። እንዳሳዩኝ አሰርኩ። ሽንቱ ከኋላ መውጣቱን ትቶ በጎን መውጣት ጀመረ፤ ለውጡ ይኸ ብቻ ነው። አማቴ ግን የሰፈሩን ሴት ባገኙ ቁጥር "የእኔ ምራት ሴት ልጇን እንደ ወንድ አስራ" እያሉ እንደ አዲስ ይስቁ ነበር፤ የታናሹ ሚስትም ሰምታለች። አፏን በነጠላዋ ይዛ ወደ ቤቷ ስትገባ አይቻታለሁ።

ነሐሴ ላይ ልጇ አርባ ቀን ሞላውና ክርስትና ተነሳ። የሴት ሰማንያ ነውና የእኔዋ ገና መስከረምን መጠበቅ አለባት። እዚህም ቀደመችኝ! እንግዳው ሁሉ በእኔ ደጅ እያለፈ ወደ እሷ ቤት ይገባል፣ ሲወጣ ያንኑ ያወራል፦ ምን ያለ የተባረከ ልጅ ነው፣ ሌሊት ድምፁ አይሰማ፣ እናቱን አያደክም። ከውስጥ የእኔዋ ታለቅሳለች። አንዷ ሴትዮ በሬ ላይ ቆም ብላ "ይችስ ምን ሆና ነው? ቡዳ እንዳይሆን" አለች። "የሰው ወሬ ነው የበላት" አልኳት፤ ፊቷ ላይ በሩን ዘጋሁት። አማቴ በኋላ ተቆጡኝ።

አንድ ነገር ግን ነበረኝ፣ እሷ የሌላት። ቅቤ! እናቴ ሜዳው ውስጥ ነው የምትኖር፤ ከብቶቿ እንደ ፎገራ ላም ወገባቸው ሰፊ፣ ወተታቸው የማያልቅ ነው። ውኃው መንገዱን ቆርጦት እንኳ በታንኳ በሚሻገር ሰው ለጋ ቅቤ በቅል ትልክልኛለች። የታናሹ ሚስት ላም የላትም። ልጇ ቅቤ አያውቅም፤ በለብታ ውኃ ታጥቦ፣ ደርቆ ነው የሚታሰር። እኔ ታዲያ ልጄን ቅቤ የምቀባት ቤት ውስጥ አይደለም፤ ደጅ፣ ፀሐይ ብልጭ ስትል፣ እሷ እያየችኝ። ከአናቷ እጀምራለሁ፤ ጀርባዋን፣ ሆዷን፣ ጭኗን፣ የቂጧን ስንጥቅ ሳይቀር አዳርሳለሁ። ማታም ጨርቁን ሳስርላት እጨምርበታለሁ፣ ሽንቱ እንዳያቃጥላት። ልጄ እስክታብለጨልጭ ድረስ አሻታለሁ። የታናሹ ሚስት በሩ ላይ ቆማ "ታድላ!" ትላለች። በቅሉ ብዙ ነበር፤ "እንኪ ለልጅሽ" አላልኳትም። ያችን "ታድላ" የሚል ቃል ከአፏ ለመስማት ስል ቀን ሁለቴ መቀባት ጀመርኩ።

መስከረም ጠባ። ሜዳው ላይ ውኃው መጉደል፣ ሩዙ ማዘርዘር ጀመረ። ሰው ስለ አጨዳ ማውራት ጀመረ። አንድ ጊዜ ባለቤቱን መንገድ ላይ አገኘሁትና "ትመጫለሽ አይደል?" አለኝ። "ምን ጥያቄ አለው" አልኩት፤ ልጄ ጀርባዬ ላይ ሆና ያን ሰዓት እንኳ ታለቅስ ነበር። ሰውየው ልጅቷን አየት አድርጎ "እስቲ እንግዲህ" ብሎ ሄደ። ያ "እስቲ እንግዲህ" ቤቴ ድረስ ተከተለኝ።

በዚያው ሰሞን ጨርቆቻችን ገመዱ ላይ እንዳሉ ካፊያ ጣለ። ሁለታችንም ተሯሩጠን ወጣን፤ እሷ ቶሎ አልደረሰችም፣ ልጁን ስታስቀምጥ። እኔ ገመዱ ሥር ደረስኩና እጄን ስዘረጋ ቆምኩ። ዝናቡ የእሷ ጨርቅ ላይ ጠብ ሲል ወዲያው ይጠፋል፤ ጨርቁ ይጠጣዋል። የእኔ ላይ ጠብ ሲል ግን እንክብል ሆኖ ይቆምና ተንከባሎ ይወርዳል። ዓይኔን አላመንኩም። ጣቴን አርጥቤ የእሷ ላይ ጠብ አደረግሁ፤ ገባ። የእኔ ላይ ጠብ አደረግሁ፤ ተንከባለለ። ሁለቱም የአንድ ሸማኔ እጅ ነው፣ የአንድ አገር ጥጥ። የእኔው ሜዳው ላይ እንደምናያቸው ዳክዬዎች ጀርባ ውኃ አላስገባ ብሏል። አፍንጫዬ ላይ አስጠግቼ አሸተትኩት።

ቅቤ! የእናቴ ቅቤ፣ ክረምቱን ሙሉ በቀዝቃዛ ውኃ ሳጥበው ያልለቀቀ፣ ልብሱ ውስጥ የገባ ቅቤ። ያ ሁሉ "ታድላ"! የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይላሉ፤ እኔ ነኝ እኮ። የሰው በር ላይ ቆሜ ጨው ስለምን፣ በራሴ እጅ የልጄን ጨርቅ ድንኳን አድርጌዋለሁ። የታናሹ ሚስት ደርሳ ጨርቋን እየሰበሰበች "እታለም፣ ምነው ዝናብ ላይ ቆመሽ?" አለችኝ። "ምንም" አልኳት። እሷ ዝናቡ ደስ ብሎኝ የቆምኩ መስሏት ሳቅ ብላ ገባች።

ከዚያን ቀን በኋላ ቅቤዬን ከወገቧ በላይ ብቻ አደረግሁት። ጨርቁን ሁሉ በትልቅ ድስት ከአመድ ውኃ ጋር ጥጄ ቀቀልኩት፤ ያ ሁሉ ቅቤ ከላይ ሰፈፈ። ባሌ ከውጭ ገባና ድስቱን ከፍቶ "ዛሬ ደግሞ ምን ወጥ ነው?" አለ። "የወንድምህ ሚስት 'ታድላ' ያለችለት ወጥ!" አልኩት። ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባውም፤ እኔም አልነገርኩትም። ደጋግሜ ቀቀልኩ፣ በሙቅ ውኃ አለቀለቅሁ፣ ጠብታው ጨርቁ ላይ ጠብ ሲል እስኪጠፋ ድረስ።

አንድ ጠዋት የነቃሁት በለቅሶ አልነበረም። በወፍ ድምፅ ነው የነቃሁት፤ ደነገጥሁ፣ ልጄ የሞተች መስሎኝ። እጄን ከሥሯ ሰደድኩ። ደረቅ! አንሶላው ደረቅ፣ ቀሚሴ ደረቅ፣ እሷ አፏን ከፍታ ተኝታለች። ጨርቁን ፈትቼ ሳየው ከብዶ ከብዶ፣ ሁሉንም ይዞ አድሯል። አጠብኩትና ይዤው ወጣሁ። በእኔ በር በኩል አላሰጣሁትም፤ ሄጄ ገመዱ መሀል ላይ፣ ከእሷ ጨርቅ አጠገብ አሰጣሁት። አንድ ለአንድ። ከዚያ የምሠራው ያለኝ መስዬ ግቢውን ስጠርግ ቆየሁ፣ ወጥታ እስክታይ።

ወጣች። ገመዱን አየች። "እሰይ! እሰይ እታለም! ተኛችልሽ!" ብላ እልል አለች፤ መጥታ አቀፈችኝ። ደስ ማለቷ ከሁሉ የባሰ አናደደኝ። ትንሽ እንኳ ከፍቷት እንደሆነ ፊቷን ፈተሽኩት፤ ምንም የለም። ክረምቱን ሙሉ ለብቻዬ ስጣላት ኖሬያለሁ ማለት ነው? ሰው ደግ መሆን እንኳ ልክ አለው።

ጥቅምት ላይ አማቴ እንደገና ደጃፋቸው ጠሩን። "እንግዲህ ሁለቱም ይተኛሉ" አሉ። "ሚዛን የየቀን ነው፤ ገበያ የሳምንት። የታላቁን ልጅ እይዛለሁ።" የታናሹ ሚስት አንገቷን ደፋ አደረገች። ከዚያ "እሺ እማማ። እኔ በገበያ ቀን አዝዬው እሄዳለሁ" አለች። አንበሳሜ ድረስ፣ ጋቢ ተሸክማ፣ ልጅ አዝላ! ልቤ ግን አሸነፍሽ፣ አሸነፍሽ ይለኛል።

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ልጄን አጥግቤ አጠባሁና ለአማቴ ሰጠኋቸው። ስምምነታችን ለምሳ መጥቼ እንዳጠባት ነው። የዚያን ቀን ግን ገበሬው ሁሉ የተማከረ ይመስል በአንዴ መጣ፤ በጋሪ፣ በአህያ፣ በባጃጅ ጆንያው ይራገፋል። ባለቤቱ "ዛሬ ከሚዛኑ ንቅንቅ እንዳትይ" አለኝ። የመጀመሪያ ቀኔ ነው፤ እምቢ ልለው ነው? የምሳ ሰዓት አለፈ። ጡቴ አጋተ፣ ድንጋይ ሆነ። ከዚያ መፍሰስ ጀመረ፤ ነጠላዬን ደረቴ ላይ አጣፍቼ መመዘኔን ቀጠልኩ። አንድ ሽማግሌ ገበሬ አዩኝና "ልጄ፣ ቤት የሚጠብቅሽ አለ መሰለኝ" አሉኝ። ያን ጊዜ ሚዛኑን ጥዬ ሮጥኩ።

የግቢው በር ላይ ስደርስ ለቅሶዋን ለመስማት ጆሮዬን ጣልኩ። ጸጥ ብሏል። አማቴ ደጃፋቸው ላይ እጃቸውን አጣምረው ተቀምጠዋል፤ ጭናቸው ባዶ ነው።

"ልጄስ?"

"እሪ ብላ ብላ ትንፋሿ ሊጠፋ ሆነ። እኔ ጡት የለኝ፣ ምን ላድርጋት?" አሉና በአገጫቸው ወደ ታናሹ ቤት አመለከቱኝ።

ገባሁ። የታናሹ ሚስት መደቡ ላይ ተቀምጣለች። ልጄ እሷ ጡት ላይ ናት። ዓይኗ ግማሽ ተከድኖ፣ ጉንጯ እየሞላ እየጎደለ፣ ሌላ ጡት አይታ እንደማታውቅ ትስባለች። አንድ እጇ የሴትዮዋን ቀሚስ ጨብጧል። ሸማዋ፣ እንቅልፏ፣ ክርስትናዋ፣ ያ ሁሉ አልበቃ ብሏት ልጄን! "ስጭኝ!" ልላት አፌን ከፈትኩ።

"ቀስ በይ፣ ሸለብ እያደረጋት ነው" አለችኝ በሹክሹክታ።

ያን ጊዜ ነው ልጇን ያየሁት። መደቡ ላይ በጀርባው ተንጋሎ ጡጫውን እየጠባ ያለቅሳል። ያ ልጅ! ክረምቱን ሙሉ ምነው አንድ ቀን እንኳ ባለቀሰ እያልኩ የተመኘሁለት ልጅ ያለቅሳል። የእኔዋ ድርሻውን ጠጥታበት ነው።

የታናሹ ሚስት ነጠላዬን አየች፤ ከነጠላዬ ሥር ቀሚሴ እስከ ወገቤ ርሷል። በተረፈ እጇ ልጇን ወደ እኔ ገፋ አደረገችልኝ። "ለሱ አልተረፈውም" አለች። "ያዥልኝ እስቲ፣ እታለም።"

ተቀመጥኩና ያዝኩት። ጡቴን ስሰጠው አንገቱን አዞረ፤ ሽታዬን አላወቀውም። እንደገና ሰጠሁት። ርቦታልና ያዘው፤ አንዴ ሲስበኝ ከትከሻዬ እስከ ጣቴ ቀለለኝ። ሁለታችንም ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ እሷ የእኔን ይዛ፣ እኔ የሷን። በዚያም ላይ ቀናሁ፤ እዋሻለሁ እንዴ? ልጇን እያጠባሁ ቀናሁ። ልጄ ተኝታ እንኳ የሴትዮዋን ቀሚስ አልለቀቀችም። እጄን ሰደድኩና፣ እንዳትነቃ ቀስ አድርጌ፣ ጣቶቿን አንድ ባንድ ከቀሚሱ አላቀቅኋቸው። የታናሹ ሚስት አየችኝ። ወደ ታች ስመለከት ልጇ የእኔን ቀሚስ ጨብጧል።